ደብዳቤያችን በሁለት ቤት ይደር

እንደሚታወቀው ለቤትም ሆነ ለሥራ የሚሆን የኢ-ሜይል ፕሮግራም ሲመረጥ በቅድሚያ የሚነሡት ጥያቄዎች የትኛው ያምራል፣ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛውስ ያለ ክፍያ ይገኛል የሚሉ ናቸው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም የኤሌክትሪክ ኃይልና የግንኙነት መስመር እምብዛም በማይቋረጥባቸው አገሮች ለሚኖሩ ተጠቃሚዎች የተጻፉ ስለሆኑ ለእኛ የሚቀድመውን ጥያቄ ይዘሉታል። ይኸውም መስመሩ ሲቋረጥ ደብዳቤያችን የት ይገኛል? ኮምፒዩተራችን ሲጠፋ ወይም ሲበላሽስ የት ይገኛል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ላሊበላንና የላስታን ደጋ ምሳሌ አድርገን እንመረምራለን። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ አንድ ደብዳቤ ሁልጊዜ በሁለት ቤት ማደር አለበት፤ ይህን የማያሟላ ፕሮግራም የቱንም ያህል ቢያምር ለእኛ አይሆንም እንላለን።

ላስታን ለምሳሌነት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙባት ከተማ ኑሮዋ በአመዛኙ ከሩቅ በሚመጣ እንግዳ ላይ የተመሠረተ ነው። የውጭ አገር ጎብኚ ለገና በዓል ለመምጣት ሲያስብ ከወራት በፊት ለሆቴሉ፣ ለአስጎብኚው ወይም በተራሮቹ ላይ የእግር ጉዞ ለሚያዘጋጀው ማኅበር ይጽፋል። የክፍል ብዛት፣ የመምጫ ቀን፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የክፍያ ማስረጃ ሁሉ በኢ-ሜይል ይመላለሳሉ። ስለዚህ በዚያ ከተማ የአንድ ባለ ሆቴል ገቢ ሣጥን መዝገብ ቤቱም፣ የውል ማኅደሩም፣ የደንበኞቹ ዝርዝርም ነው።

ፖስታ ቤትና ሁለት ቁልፎች

አሠራሩን ለመረዳት ከፖስታ ቤት መነሣት ይጠቅማል። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው ወደ ቤት አይመጣም፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ይሄድና ከሣጥኑ ያወጣዋል። ኢ-ሜይልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በመረብ ከተያያዙ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ካለ ተጠቃሚ በሌላው ላይ ላለ ተጠቃሚ መልእክት ከላከበትና ስምን ከአድራሻ የሚለየውን ምልክት ከመረጠበት ጊዜ ጀምሮ ደብዳቤ የሚደርሰው ወደ ግለሰቡ ጠረጴዛ ሳይሆን ሰርቨር ወደሚባለው፣ ሌት ተቀን ወደሚሠራው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ፕሮግራም ቁልፍ ይዞ ወደዚያ ሣጥን የሚመላለስ መልእክተኛ ነው ማለት ይቻላል።

ቁልፉ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፖፕ ይባላል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሦስተኛው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው። በመነሻ አሠራሩ ፖፕ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አውርዶ ሣጥኑን ባዶ ያደርጋል። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ያለው በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው አይማፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ክሪስፒን የቀየሰው ነው። አይማፕ ዋናውን በሰርቨሩ ላይ ትቶ በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ ያኖራል፤ የተነበበውን፣ የተመለሰለትንና ወደ ሌላ ማኅደር የተዛወረውንም በሁለቱም ቦታ እኩል ያደርጋል። ፖፕንም ቢሆን በሰርቨሩ ላይ ቅጂ እንዲተው ማዘዝ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የትኛው እንደተነበበና የትኛው መልስ እንዳገኘ ለሌላው ኮምፒዩተር አያሳውቅም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ይኸውም ምንም ፕሮግራም ሳይጭኑ በድር ገጽ በኩል ገብቶ ማንበብ ነው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1 ቀን 2004 አንድ ጊጋባይት ቦታ ይዞ ብቅ ካለ በኋላ አብዛኛው ሰው ወደዚህ መንገድ ገብቷል። እዚህ ላይ ደብዳቤው የሚያድረው በሰርቨሩ ቤት ብቻ ነው። እንግዲህ ፖፕ በተለመደው አሠራሩ ደብዳቤን በእኛ ቤት ብቻ፣ ድር ገጽ ደግሞ በሰው ቤት ብቻ ያሳድራል። አይማፕ ከሙሉ ቅጂ ጋር ሲሆን በሁለቱም ያሳድረዋል።

የተረሳ የአገራችን ልምድ

መስመር በሌለበት ጽፎ፣ መስመር ሲገኝ መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢ-ሜይል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚህ መንገድ ነበር። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1997) ከመጀመሩ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ፊዶኔት በተሰኘው መረብ የኢ-ሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚው ደብዳቤውን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል፤ ደብዳቤዎቹ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ በስልክ ጥሪ በአንድነት ይላካሉ፤ የመጡትም በዚያው ጥሪ ይወርዳሉ። መስመሩ የሚያስፈልገው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

በኋላ መስመሩ ሲሻሻል ይህን ልምድ ረሳነው። ደብዳቤ ለማንበብም ለመጻፍም ሁልጊዜ መስመር ላይ መገኘት ግዴታ የሆነ እስኪመስል ድረስ በድር ገጹ ላይ ተደገፍን። ጥሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ያንን የቀድሞ ጥበብ ዛሬም ይዞታል። መስመር በሌለበት አሥር ደብዳቤ ቢጻፍ አሥሩም በወጪ ሣጥን ይጠብቃሉ፤ መስመር ሲመጣ በተርታ ይሄዳሉ።

ከሁለት ወገን የመጣ ፈተና

ባለፉት ዓመታት ሰሜን ወሎ ያየው መከራ ከኢ-ሜይል እጅግ የሚከብድ ነው። የሰው ሕይወት በጠፋበት ስለ ደብዳቤ ማውራት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰዎች ከመከራው በኋላ ሥራቸውን መልሰው የሚያቆሙት በእጃቸው በቀረው ነው፤ ከቀረው ውስጥም መዝገብ አንዱ ነው።

ላሊበላ በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። በዚህ ወቅት የመብራት፣ የስልክና የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭትና በተከተለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ጉዳት እንለያለን። አንደኛው የመስመር መቋረጥ ነው። ደብዳቤው በድር ገጽ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ኮምፒዩተሩ ደኅና ሆኖ በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ቢያስነሣው እንኳ የራሱን መዝገብ ማንበብ አይችልም። የትኛው እንግዳ ምን ያህል ቀብድ እንደከፈለ፣ ለማን ምን ቃል እንደገባ ማወቅ አይችልም። ሁለተኛው የንብረት መጥፋት ነው። በጦርነቱ በሰሜን ወሎ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከፍተኛ ዘረፋና ውድመት ከደረሰባቸው አንዱ ነው። ደብዳቤውን በፖፕ አውርዶ ሣጥኑን ባዶ ያደረገ ሰው ኮምፒዩተሩ በተወሰደ ጊዜ የዓመታት መዝገቡ አብሮ ይወሰድበታል፤ መስመሩ ቢመለስም ደብዳቤው አይመለስም።

እነዚህ ሁለት ጉዳቶች ተቃራኒ መድኃኒት የሚሹ ይመስላሉ። የመጀመሪያውን ያየ «ሁሉን በቤቴ ላኑር» ይላል፤ ሁለተኛውን ያየ «ሁሉን በሩቅ ላኑር» ይላል። ሁለቱም በየግማሻቸው ልክ ናቸው። ለዚህ ነው በሁለት ቤት ይደር የምንለው። ጦርነት ባይኖርም የነጎድጓድ ብልጭታ፣ የኃይል መዋዠቅና ቫይረስ ያንኑ ጉዳት በትንሹ በየዓመቱ ያደርሳሉ።

ፕሮግራሞቹ ሲመዘኑ

በዚህ ሚዛን የታወቁትን እንመልከት። ተንደርበርድ የሞዚላ ቤተሰብ የሆነ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝና ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ወጣ። በአይማፕ ሲገናኝ የደብዳቤዎቹን ሙሉ ቅጂ በኮምፒዩተሩ ላይ ማኖር የተለመደ አሠራሩ ነው። ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጠውም በአመዛኙ ኤምቦክስ በሚባለው፣ ተራ ጽሑፍ በሆነና ሌሎች ፕሮግራሞችም ሊያነቡት በሚችሉት ቅርጽ ነው።

የማይክሮሶፍት አውትሉክ የደብዳቤ፣ የቀን መቁጠሪያና የአድራሻ መዝገብን በአንድነት በመያዝ ለትልቅ መሥሪያ ቤት ይመቻል። ነባሩ አውትሉክ በኮምፒዩተሩ ላይ ቅጂ ይይዛል፤ ነገር ግን ለአንዳንድ የአካውንት ዓይነቶች ያለፈውን አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ እንዲይዝ ሆኖ ስለሚጫን «ሁሉንም» ወደሚለው መቀየር ይገባል። አዲሱ አውትሉክ ግን በአሠራሩ ወደ ድር ገጽ የቀረበ ነው፤ በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ያለንን ደብዳቤ ሳይቀር በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች በኩል ያሳልፋል። ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው ብቻ አንድ ናቸው ብሎ መቀበል አይገባም።

የፋይሉ ቅርጽም ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ፕሮግራሞች ያረጃሉ፤ ይሞታሉም። እ.ኤ.አ. በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈውና በ1990ዎቹ ዝነኛ የነበረው ዩዶራ ዛሬ የለም፤ ደብዳቤዎቹ ግን በኤምቦክስ ቅርጽ ይቀመጡ ስለነበር አሁንም ይከፈታሉ። ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይመጣ የነበረው አውትሉክ ኤክስፕረስ ደብዳቤን የሚያስቀምጠው በራሱ ልዩ ቅርጽ ስለነበር ያን ለማንበብ ዛሬ መለወጫ መሣሪያ ያስፈልጋል። በቀድሞዎቹ የአውትሉክ እትሞች ደግሞ የደብዳቤው ፋይል ከ2 ጊጋባይት ሲያልፍ ይበላሽ ነበር። እንግዲህ ፕሮግራም ስንመርጥ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም እንይ።

ሳይከፈልበት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የተሰበረ የአውትሉክ ቅጂ የምንቃወመው ስለ ሕጋዊነቱ ብቻ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍትም ለግል አካውንቶቹ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በአሮጌው የይለፍ ቃል አሠራር ብቻ የሚመጡ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁመዋል። ስለሆነም ያረጁ እትሞች ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት እየተሳናቸው ነው።

የፊደላችን ክብደት

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላም መመዘኛ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ዛሬ ችግሩ በመሠረቱ ተፈትቷል፤ ተንደርበርድም አውትሉክም ዩኒኮድን ያውቃሉ።

አንድ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ለኢ-ሜይል ጉዞ ሲታሸግ እያንዳንዱ 3 ባይት ወደ 4 ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ 500 ፊደል ያለው ደብዳቤ ወደ 2,000 ባይት ገደማ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደሚያደርጉት ያንኑ ደብዳቤ አትሞ፣ ማኅተም አድርጎ በምስል ማንሣትና 3 ሜጋባይት በሆነ ፎቶግራፍ መላክ ግን በጉዞ ላይ 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ ይህም የጽሑፉን 2,000 እጥፍ ማለት ነው። በሴኮንድ 20 ኪሎባይት በሚያሳልፍ ደካማ መስመር ጽሑፉ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ሲሄድ ምስሉ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መስመሩ በመካከል ከተቋረጠም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ማኅተም የግድ ካልሆነ በቀር ቃሉን በደብዳቤው ላይ መጻፍ ከማንኛውም የፕሮግራም ምርጫ የበለጠ ይጠቅማል። ፕሮግራሙም ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን አባሪ ሳንጠይቀው እንዳያወርድ ማዘዝ ይቻላል፤ መስመሩ ሲሻል ቀሪውን ማውረድ ይገባል።

ለቤትና ለድርጅት

ለቤት ተጠቃሚ ምክራችን ቀላል ነው። ያለውን አድራሻ ሳይለውጥ ተንደርበርድን በአይማፕ ያገናኝ፤ ለነፃ ትምህርት ዕድል የሚጻጻፍ ተማሪም ሆነ ከውጭ አገር ዘመዶቹ ጋር የሚገናኝ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም።

ለአነስተኛ ሆቴልና ለአስጎብኚ ማኅበርም ይኸው ይበቃል፤ ነገር ግን አይማፕ ለእነርሱ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። የእንግዳ መቀበያውና የሥራ አስኪያጁ ኮምፒዩተሮች አንዱን አድራሻ በፖፕ ሲጋሩ አንዱ ያወረደውን ሌላው አያየውም፤ ወይም ሁለቱም አይተውት ማን እንደመለሰ አይታወቅም። በገና ሰሞን አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ የሚሰጠው በእንደዚህ ያለ መንገድ ነው። በአይማፕ ግን የተመለሰለት ደብዳቤ በሁለቱም ዘንድ ምልክት ይኖረዋል። ብዙ ሠራተኛ ያለውና የጋራ ቀን መቁጠሪያ የሚያስፈልገው ድርጅት ወጪውን ከቻለ ነባሩን አውትሉክ ቢመርጥ አንቃወምም።

ድርጅት ሰርቨሩን በራሱ ግቢ እንዲያቆም ግን አንመክርም። ላኪ ሰርቨር ተቀባዩን ሲያጣ ደብዳቤውን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የሚታገሠው ግን በተለምዶ 5 ቀን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ለላኪው ይመለሳል። መስመር ለሳምንታት በሚጠፋበት አገር ሣጥኑ በሩቅ፣ ቅጂው በቅርብ ይሁን።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክና በቴሌግራም ሆኗል» የሚል ይኖራል። በላስታ ከኮምፒዩተር ይልቅ ስልክ እንደሚበዛ አይካድም፤ ለፈጣን መልእክትም ቴሌግራም ይሻላል። ይሁንና በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው የጂሜይል ፕሮግራም ካልተቀየረ በቀር በስልኩ ላይ የሚያኖረው ያለፉትን 30 ቀናት ደብዳቤ ነው። በሰኔ የተደረገን ስምምነት በታኅሣሥ፣ ያውም መስመር ሳይኖር ማየት የሚፈልግ ባለ ሆቴል በዚህ አይረዳም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ደብዳቤን በኮምፒዩተር ላይ ማኖር ኮምፒዩተሩን ለሚወስድ ሰው የእንግዶችን ፓስፖርትና ምሥጢር አሳልፎ መስጠት አይደለምን? አዎን፣ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያመሰገንነው ኤምቦክስ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ማንም ይከፍተዋል፤ የተንደርበርድ ዋና የይለፍ ቃልም የሚጠብቀው የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች እንጂ ደብዳቤዎቹን አይደለም። መፍትሔው ሙሉውን ዲስክ በምሥጢር ኮድ መቆለፍ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሌላን ሰው መረጃ የያዘ ድርጅት በጥንቃቄ መያዝ ሕጋዊ ግዴታው ሆኗል።

ሦስተኛም አለ። አይማፕ ሁለቱን ቤቶች እኩል ስለሚያደርግ በስሕተት የጠፋ ደብዳቤ ከሁለቱም ይጠፋል። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ለ2 ዓመት ያልተከፈተን አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጊዜ ደብዳቤውን በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ከኮምፒዩተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህም ፍላሽ ቢሆን በኮድ ይቆለፍ።

የተማሪዎች ድርሻ

በብዙ ቤተሰብና በብዙ አነስተኛ ድርጅት ኮምፒዩተሩን የሚያስተካክለው ባለሙያ ሳይሆን ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰው ልጅ ነው። በላሊበላም ሆነ በየትኛውም የላስታ ከተማ ዘመድ «እስቲ ይችን ኮምፒዩተር እይልኝ» ሲል የሚጠራው እርሱን ወይም እርሷን ነው። እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ በምትጠሩበት ጊዜ ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ የሚገናኘው በፖፕ ነው ወይስ በአይማፕ? ቀጥሎ የኢንተርኔቱን መስመር ነቅላችሁ የዛሬ ዓመት የመጣ ደብዳቤ ለመክፈት ሞክሩ፤ ካልተከፈተ ቅጂው ሙሉ አይደለም። በመጨረሻ ዲስኩ መቆለፉንና የወሩ ፍላሽ መኖሩን አረጋግጡ። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ መሠራት ያለበት ግን መስመሩ ባለበት ቀን ነው።